የወታደሩ ስም በሜዳዩ ጠርዝ ላይ

ለንደንን ሊጎበኝ የሚሄድ መንገደኛ ዓይኑ በአብዛኛው የሚያርፈው በቤተ መንግሥቷ፣ በድልድዮቿና በታወቀው የሰዓት ግንቧ ላይ ነው። እኛ ግን የሠራዊት ልጆች በመሆናችን እግራችን ወደ ሌላ አቅጣጫ መራን። ከስሎን አደባባይ ተነሥተን ወደ ቴምዝ ወንዝ ጥቂት እንደ ተጓዝን፣ በቀይ ሸክላ የተገነባ፣ ሰፊ ግቢ ያለው፣ ጸጥታ የሰፈነበት ሕንፃ ፊት ለፊታችን ተደቀነ። የቼልሲ ሮያል ሆስፒታል ይሉታል። ስሙ ሆስፒታል ይሁን እንጂ ያረጁ ወታደሮች መጦሪያ ነው። ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊ በ1682 መሠረተው፤ ስመ ጥሩው የሕንፃ ባለሙያ ክሪስቶፈር ሬን ነደፈው፤ የመጀመሪያዎቹ ጡረተኞችም በ1692 ገቡበት። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን ለውድ አንባቢያን አስቀድመን እናስታውሳለን።

በዚህ ግቢ የሚጦሩት አረጋውያን በበዓል ቀን ቀይ ረጅም ካፖርት ለብሰው፣ ሜዳዮቻቸውን በደረታቸው ደርድረው ይታያሉ። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ በሠራዊቱ ያገለገሉ ሴቶችም በጡረተኝነት ይገቡበታል። ከግቢው አጠገብ ብሔራዊው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይገኛል። አንድ ሽማግሌ ወታደር ሜዳዩን አንጠልጥሎ በፀሐይ ሲንሸራሸር የሚያይ ሰው፣ ነገሩ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በዚህች አገር ተራው ወታደር ሜዳይ በደረቱ ለማድረግ ብዙ ዘመን ጠብቋል። ስለሆነም የእንግሊዝ የጦር ሜዳዮች ታሪክ፣ ስሙ የተጻፈው ማን ነው? ሳይጻፍ የቀረውስ ማን ነው? የሚል ጥያቄ ታሪክ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

የደንባር ድል

የታሪኩ መነሻ ከለንደን ርቃ በስኮትላንድ ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትገኘው የደንባር ከተማ ናት። እንግሊዝ በ1649 ንጉሥዋን ቻርልስ ቀዳማዊን በሞት ቀጥታ በፓርላማ የምትተዳደርበት ዘመን ነበር። ሴፕቴምበር 3 ቀን 1650 ኦሊቨር ክሮምዌል በበሽታና በስንቅ እጥረት የተመናመነ ጦሩን ይዞ በቁጥር የሚበልጠውን የስኮትላንድ ጦር ድል መታ። ፓርላማውም ለዚህ ድል መታሰቢያ ለመኮንኖችም ለተራ ወታደሮችም ሜዳይ እንዲሰጥ ወሰነ። በእንግሊዝ ታሪክ ከላይ እስከ ታች ላለው ማዕረግ ሁሉ የታዘዘ የመጀመሪያው ሜዳይ ይህ ነበር።

ፓርላማው የክሮምዌልን መልክ በሜዳዩ ላይ ለመቅረጽ ፈልጎ ቶማስ ሳይመን የተባለውን ቀራጭ እስከ ኤድንብራ ላከ። ክሮምዌል ግን በ1651 ለኮሚቴው በጻፈው ደብዳቤ የእርሱ መልክ እንዲቀር አጥብቆ ለመነ፤ በአንዱ ገጽ ፓርላማው፣ በሌላው ገጽ ጦሩ ቢታይ የተሻለ መሆኑን አሳሰበ። ፓርላማው ልመናውን ሳይቀበል ቀረ። በአንዱ ገጽ የአዛዡ ራስ፣ በሌላው ገጽ ጉባኤ የተቀመጠው ፓርላማ ተቀረጸ። አዛዡ እንዲታይ የፈለገው ጦሩ የራሱ ገጽ ሳይኖረው ቀረ። በ1660 ዘውዱ ሲመለስ ደግሞ ለሁሉም ማዕረግ ሜዳይ የመስጠቱ ሥርዓት አብሮ ተዘነጋ።

ወርቅ ለአዛዦች

ከዚያ በኋላ ከአንድ መቶ ስድሳ ዓመት በላይ የእንግሊዝ መንግሥት በምድር ጦሩ ውስጥ ለተሰለፈው ተራ ወታደር በሙሉ የሚደርስ ሜዳይ አልሰጠም። በሕንድ አገር ይነግድና ይገዛ የነበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እንኳ በ1780ዎቹ የደካን ሜዳይ የተባለውን አሠርቶ ለሕንድ ተወላጅ ወታደሮቹ ሲያድል፣ በአገሩ ንጉሥ ስም የሚዋጋው ተራ እንግሊዛዊ ወታደር ደረቱ ባዶ ነበር።

በ1794 በጁን 1ኛው ቀን ከተደረገው የባሕር ውጊያ በኋላ የባሕር ኃይሉ የወርቅ ሜዳይ ተቋቋመ፤ የተሰጠው ግን ለአድሚራሎችና ለመርከብ አዛዦች ብቻ ነው። የምድር ጦሩም በ1806 በጣሊያን አገር በማይዳ ከተገኘው ድል ወዲህ የወርቅ ሜዳይ ይሰጥ ጀመር፤ እርሱም የጄኔራሎችና የሻለቃ አዛዦች ድርሻ ሆነ። ውጊያው እየበዛ ሲሄድ ለአራት ውጊያዎች የሚሰጥ የወርቅ መስቀል ተሠራ። ከዚያ በላይ ለተዋጋ አዛዥ የውጊያውን ስም የያዘች ጠባብ ሰሌዳ በጥብጣቡ ላይ ትጨመርለት ነበር። የዌሊንግተኑ መስፍን መስቀል እንዲህ ያሉ ዘጠኝ ሰሌዳዎች ነበሩት።

መንግሥት የተወውን የሞሉ ግለሰቦች አልጠፉም። አድሚራል ኔልሰን በ1798 በግብፅ አቡኪር የባሕር ሰላጤ የፈረንሳይን መርከቦች ድል ካደረገ በኋላ፣ ወኪሉ የነበረው አሌክሳንደር ዴቪሰን ከራሱ ኪስ አውጥቶ በዚያ ለተዋጉት ሁሉ ሜዳይ አሠራ። ለመርከብ አዛዦች የወርቅ፣ ለሌተናንቶች የብር፣ ለበታች ሹማምንት በወርቅ የተቀባ መዳብ፣ ለመርከበኞችና ለባሕር ወለድ ወታደሮች ደግሞ የነሐስ ነበር። አንዱ ድል በአራት ዓይነት ማዕድን ተከፋፈለ። ቢሆንም መርከበኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጁ የሚያሳየው ነገር አገኘ።

የዋተርሉ ቀን

ጁን 18 ቀን 1815 በቤልጂየም ምድር በዋተርሉ የናፖሊዮን ጦር ተሸነፈ። ከአሥር ቀን በኋላ ዌሊንግተን ለጦሩ ጠቅላይ አዛዥ ለዮርኩ መስፍን በጻፈው ደብዳቤ ለበታች ሹማምንትና ለተራ ወታደሮች ሜዳይ ቢሰጥ መልካም መሆኑን አሳሰበ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ፤ በ1816 እና በ1817 ወደ 39 ሺህ የሚጠጋ የብር ሜዳይ ታደለ።

ይህ ሜዳይ በሦስት ነገሮች አዲስ ነበር። አንደኛ፣ ለጄኔራሉም ለወታደሩም የተሠራው ከአንድ ብር በአንድ ቅርጽ ነበር። ሁለተኛ፣ በጠርዙ ዙሪያ የእያንዳንዱ ተሸላሚ ስም፣ ማዕረግና የጦር ክፍል በመኪና ተመታበት። ሦስተኛ፣ በውጊያው የወደቀው ወታደር ሜዳይ ለቅርብ ዘመዱ ተላከ። ባሏ ያልተመለሰላት ሴት ከመንግሥቷ እጅ የባሏን ስም የያዘ ብር ተቀበለች። ከዚህም ጋር በዋተርሉ የተሰለፈ ወታደር ለደመወዙና ለጡረታው የሁለት ዓመት ተጨማሪ አገልግሎት ተቆጠረለት።

እኩልነቱ ግን በብሩ ሜዳይ አበቃ። ከድሉ በኋላ በተከፋፈለው የሽልማት ገንዘብ ተራው ወታደር የደረሰው ከሁለት ፓውንድ ተኩል ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ጄኔራል ከ1,270 ፓውንድ በላይ አገኘ። የዌሊንግተን ድርሻ 61 ሺህ ፓውንድ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 40 ሺውን ለመንግሥት መልሷል። የወታደሩ ድርሻ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ማንኛውም ገንዘብ ተበልቶ አለቀ። በጠርዙ ላይ ስሙ የተመታበት ብር ግን ዛሬ ሁለት መቶ ዓመት አልፎትም በቤተሰብ ሣጥንና በሙዚየም ይገኛል።

ሠላሳ ሦስት ዓመት የፈጀ ጥበቃ

አንዱ ሲደሰት ሌላው አዘነ። ከ1808 እስከ 1814 በፖርቱጋልና በስፔን ተራሮች ስድስት ዓመት ሙሉ የተዋጉ ነባር ወታደሮች ምንም አላገኙም። በዋተርሉ አንድ ቀን የተሰለፈው አዲስ ምልምል ሜዳይ አንጠልጥሎ ሲያልፍ፣ የባዳሆስን ቅጥር በመሰላል የወጣው አንጋፋ ባዶ ደረቱን ይዞ ይመለከተው ነበር። ዌሊንግተን ራሱ ለእነዚህ ወታደሮች ሜዳይ መስጠቱን አልደገፈም። ጉዳዩን በፓርላማ ደጋግሞ ያነሣላቸው በወጣትነቱ አብሯቸው የዘመተው የሪችመንዱ መስፍን ነው።

በመጨረሻ በ1847 ፈቃዱ ተገኘና በዓመቱ የምድር ጦሩ የጠቅላላ አገልግሎት ሜዳይ ይታደል ጀመር። ጦርነቱ ካበቃ ሠላሳ ሦስት ዓመት ተቆጥሮ ነበር። በሜዳዩ ላይ ለዌሊንግተን የድል አክሊል ስታደርግ የምትታየው ንግሥት ቪክቶሪያ የተወለደችው በ1819 ነው፤ እነዚያ ውጊያዎች ሲደረጉ በዚህ ዓለም አልነበረችም። ሜዳዩን ለማግኘት ሁለት ነገሮች ያስፈልጉ ነበር፤ በሕይወት መገኘትና ማመልከት። 26 ሺህ ያህል ሰዎች አገኙት። ከእነርሱም ሁለቱ የአሥራ አምስት ውጊያዎች ስም የተጻፈባቸው የብር ሰሌዳዎች በጥብጣባቸው ላይ ተደረደሩላቸው። በእነዚያ ሠላሳ ሦስት ዓመታት መካከል በድህነትና በቁስል የሞቱት ግን ለዘመዶቻቸውም ሳይሰጥላቸው ቀረ።

በመርከብ ላይ የነበሩ ሚስቶች

የቤተሰብ አምዳችን ተከታታይ የሆናችሁ እኅቶቻችን ይህን ክፍል በተለይ እንድታነቡልን እንሻለን። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ የጦር መርከቦች ላይ አንዳንድ ባለትዳር ሴቶች ከባሎቻቸው ጋር ይኖሩ ነበር። በአብዛኛው በደመወዝ መዝገብ ላይ ስማቸው የለም። ውጊያ ሲጀመር ግን እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ቦታ አልነበረም። ከባሩድ ክፍል ወደ መድፎቹ ባሩድ ያመላልሳሉ፤ በመርከቧ ሆድ ውስጥ በሐኪሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ቁስለኛ ያስራሉ።

በአቡኪር ውጊያ ጎልያድ በተባለችው መርከብ የነበረው ጆን ኒኮል የተባለ መርከበኛ በትዝታው እንደ ተረከው፣ የመድፈኞች አለቃው ሚስት ለባሏና ለእርሱ በየጊዜው ወይን እያቀረበች ታበረታቸው ነበር። ከሴቶቹ የቆሰሉ ነበሩ፤ ከቁስሏ የተነሣ የሞተችም አለች። አንዲቱ በውጊያው መካከል ወንድ ልጅ ተገላገለች። ከውጊያው በኋላ የመርከቧ አዛዥ ካፒቴን ፎሊ ባሎቻቸው የሞቱባቸውን አራት ሴቶች የምግብ ድርሻ እንዲያገኙ በመዝገብ አስፈራቸው።

በ1847 የባሕር ኃይሉም የጠቅላላ አገልግሎት ሜዳይ ሲታወጅ ሦስት ሴቶች አመለከቱ። አን ሆፒንግና ሜሪ አን ራይሊ በአቡኪር የነበሩ፣ ጄን ታውንሸንድ ደግሞ ዲፋያንስ በተባለችው መርከብ በ1805 በትራፋልጋር የነበረች ናት። አዋጁ ወንድና ሴት ስላልለየ የጄን ታውንሸንድ ማመልከቻ በመጀመሪያ ተቀባይነት አግኝቶ ነበር። ኋላ ግን ኮሚቴው ሐሳቡን ለወጠ። እንደ እነርሱ የጠቀሙ ሴቶች በመርከቦቹ ብዙ ስለ ነበሩ፣ ለአንዲቱ ቢፈቀድ ማመልከቻው ማቆሚያ እንደማይኖረው በመዝገቡ ላይ ሰፍሯል። ለሦስቱም ሳይሰጣቸው ቀረ።

አንባቢ ይህን ምክንያት ቆም ብሎ ይመርምረው። ሴቶቹ አልሠሩም አልተባለም፤ የሠሩት ብዙ ስለሆኑ ተባለ እንጂ። በዚያው ጊዜ ዳንኤል ትሬመንደስ ማኬንዚ የተባለ ሰው ሜዳዩን ተቀበለ። በ1794ቱ ውጊያ ጊዜ ትሬመንደስ በተባለችው መርከብ ላይ የተወለደ ሲሆን፣ በተሸላሚዎች መዝገብ በማዕረጉ ቦታ የተጻፈለት ‹ሕፃን› የሚል ነው። ሕፃኑ ሜዳይ ሲያገኝ በመድፍ ጩኸት መካከል አምጣ የወለደችው እናቱ አላገኘችም። አን ሆፒንግ ኋላ አን ፔሪያም ተብላ ኤክስማውዝ በተባለችው የባሕር ዳር ከተማ ረጅም ዕድሜ ኖረች፤ በእርጅናዋም በዓመት 10 ፓውንድ ጡረታ ተቆረጠላት።

በሃይድ ፓርክ ሜዳ

ከቼልሲ ተነሥተን በስሎን መንገድ ወደ ሰሜን ስንሄድ ሃይድ ፓርክ እንደርሳለን። በአንዱ ማዕዘኑ ዌሊንግተን ይኖርበት የነበረው አፕስሊ ሃውስ ይታያል። ዛሬ ሰው የሚዝናናበት ይህ ሰፊ ሜዳ ጁን 26 ቀን 1857 በሠራዊትና በተመልካች ተሞልቶ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ ከፈረስዋ ሳትወርድ ለ62 ሰዎች የቪክቶሪያ መስቀል በደረታቸው ላይ ሰካች።

መስቀሉ የተቋቋመው በጃንዋሪ 29 ቀን 1856 ሲሆን ምክንያቱ የክሪሚያ ጦርነት ነው። ታይምስ የተባለው ጋዜጣ ዘጋቢ ዊሊያም ሃዋርድ ራስል ከጦር ሜዳ የሚልካቸው ጽሑፎች የአዛዦቹን ድክመትና የተራውን ወታደር ጽናት ለሕዝብ አጋለጡ። ቀድሞ በ1854 ለበታች ሹማምንትና ለወታደሮች የተለየ ሜዳይ ተቋቁሞ ነበር፤ የቪክቶሪያ መስቀል ግን ማዕረግን፣ የአገልግሎት ዘመንንና ትውልድን ሳይለይ በጠላት ፊት የተፈጸመን ጀብዱ ብቻ የሚመለከት ሆነ። ከወርቅ ወይም ከብር ሳይሆን ከነሐስ ተሠራ። ነሐሱ በሴባስቶፖል ከሩሲያ ከተማረኩ መድፎች የተገኘ ነው ሲባል ቢኖርም፣ በኋላ በተደረገ ምርመራ ብዙዎቹ መስቀሎች ከቻይና መድፎች የተሠሩ ሆነው ተገኝተዋል።

በመስቀሉ ላይ የሚጻፈው ቃል በመጀመሪያ ‹ለጀግኖች› የሚል እንዲሆን ታስቦ ነበር። ንግሥቲቱ ግን ይህ ከተጻፈ መስቀሉን ያላገኘው ሁሉ ጀግና አይደለም የሚል ትርጉም እንዳይሰጥ ሠግታ ‹ለጀግንነት› በሚል እንዲተካ አደረገች። ቃሉን መለወጧ ያልተሸለሙትን ከውርደት አዳናቸው። ይሁንና ይህም ሥርዓት ጉድለት አላጣውም፤ በጀብዱው ላይ ለወደቀ ሰው መስቀሉን መስጠት የተጀመረው በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ ነው።

ዘጠኝ ፊደላት ያሉት ኮከብ

ይህ ታሪክ ለብቻው የእንግሊዞች ሆኖ አይቀርም፤ ከእንግሊዝ ሜዳዮች መካከል አንዱ የአገራችንን ስም ይዟል። ዘጠኝ ጫፍ ባለው የብር ኮከብ መካከል የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ይታያል፤ በጫፎቹ መካከል ‹አቢሲኒያ› የሚለው ስም በእንግሊዝኛ ዘጠኙ ፊደላት አንድ በአንድ ተደርድሯል። የጄኔራል ናፒየር ጦር በ1867 እና በ1868 ወደ መቅደላ ላደረገው ዘመቻ የተሰጠ ነው። የተሸላሚው ስም በጠርዙ ላይ በመመታት ፈንታ ከሜዳዩ ጀርባ መካከል ጎልቶ ተቀርጿል፤ እያንዳንዱ ስም ለብቻው ስለሚሠራ ብዙ ወጪ የጠየቀ ሜዳይ ነበር።

አፄ ቴዎድሮስ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ባሳለፉበት ቀን፣ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በዋተርሉ ተሰልፎ የነበረውና ኋላ በዌሊንግተን ስም የተጠራው 33ኛው ሬጅመንት ወደ አምባው በር ቀደመ። ጄምስ በርጂን የተባለ ተራ ወታደርና ማይክል ማግነር የተባለ ታምቡር መቺ ገደሉን ወጥተው የእሾህ አጥሩን ጥሰው በመግባታቸው የቪክቶሪያ መስቀል ተሰጣቸው። የሁለቱም ስም ከነቀኑ ከነቦታው ተመዝግቧል።

ከሦስት ቀን በፊት፣ በስቅለት ዕለት፣ በአሮጌ ሜዳ የወደቁት ኢትዮጵያውያን ግን በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። አዛዣቸው ፊታውራሪ ገብርዬ ከእነርሱ ጋር ወደቀ። የገብርዬን ስም የያዘው የሕዝቡ አንደበት ነው፤ ከእርሱ ጋር የወደቁት ወታደሮች የብዙዎቹ ስም በምንም ብር ላይ አልተቀረጸም። ከመቅደላ ከተወሰዱት ነገሮች መካከል የአፄ ቴዎድሮስ ጠጉር ይገኝበታል፤ በቼልሲ ያየነው የጦር ሠራዊት ሙዚየም ይዞት ከቆየ በኋላ በማርች 2019 ለኢትዮጵያ አስረክቧል። ሜዳይ የአንድን ወገን ታሪክ በብር ይጽፋል፤ የሌላውን ወገን ሙታን ስም መጠበቅ የራሳቸው ወገኖች ግዴታ ነው።

ከዚህ ሁሉ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። የጦር አዛዥ ከውጊያ በኋላ ለሪፖርት ሲቀመጥ የወታደሩን ስም ከነአባቱ፣ ቀኑንና ቦታውን አስተካክሎ መጻፉ ከጽሕፈት ሥራ በላይ የሆነ አደራ ነው። በዋተርሉ የተጻፈለት ተከበረ፤ በስፔን ተራሮች የተዋጋው ሠላሳ ሦስት ዓመት ጠበቀ፤ በመርከብ ላይ ባሩድ ያመላለሰችው ቀረች። በቤት ያላችሁ እኅቶቻችንም ሜዳዩን በሣጥን ስታስቀምጡ የት፣ መቼና ስለምን እንደ ተሰጠ የሚገልጽ ወረቀት አብራችሁ አስቀምጡ፤ ታሪኩንም ለልጆች ንገሩ። በዚያው ወረቀት ግርጌ፣ ባል በግንባር ሳለ ቤቱን ማን እንዳቆመው፣ ቁስለኛውን ማን እንዳስታመመው ጨምራችሁ ጻፉ። ይህን የሚመዘግብ ኮሚቴ እስኪቋቋም መጠበቅ አያስፈልግም።